ቀድሞ የሚወርደው ሰው

ታዴዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ወር ተጨመረበት። ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ዱሮም ከሥራ ስትገባ ደህና ዋልክ ወይ ስልህ "እህ" ብለህ ጫማህን ታወልቅ ስለነበር፣ መልስ ለማጣት እኔ አዲስ አይደለሁም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አልፎ አልፎ ያመኛል፤ ዓይኔም መርፌ ላይ ክር ማስገባት እየተሳነው ነው፤ ከዚያ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅህም ደህና ናት። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት የእሷን፣ የሶሲን ነገር ልነግርህ ነው። ለሌላ ሰው ብነግረው ወይ ያለቅስልኛል ወይ ይቆጣኛል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም አልፈልግም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። "እሑድ እሠራዋለሁ" እያልክ ስንት እሑድ ያሳለፍክበትን የመታጠቢያ ቤት በር ሶሲ መጥታ ቡናዋ ሳይበርድ ሠራችው። ጊዜ አጥተህ እንዳልነበር አሁን ገባኝ፤ አንድ ነገር ለነገ ማስቀመጥ ትወድ ነበር። ሸሚዞችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ። ኮሌታው የተበላውን ሰማያዊውን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ኮሌታውን ገልብጬ ልሰፋው አስቤ እስካሁን አልነካሁትም። የስፌት ሱቄ እንዳለ ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪና ማቆሚያ ዱሮም አልነበረም፣ አሁንም የለም፤ ደንበኞቼ ልብሳቸውን ሊሞክሩ ሲገቡ ግማሽ ዓይናቸው መንገድ ላይ ነው። በዊልሸር መንገድ ሥር ለዓመታት ሲቆፍሩት የነበረው የባቡር ጣቢያ አልቆ አጥሩ ተነሥቷል። ሚራክል ማይል ሰፈር ካለው ቢሮህ ለምሳ ወደ ሱቄ ስትመጣ፣ በአጥሩ ቀዳዳ እያጮለቅክ ክሬኑ ብረት ወደ ጉድጓድ ሲያወርድ ቆመህ ታይ ነበር፤ ምሳው ይቀዘቅዛል፣ እኔ እቆጣለሁ፣ አንተ "ኧረ ያንን ማንጠልጠያ አንዴ ብታዪው" ትለኛለህ። አሁን በዚያ ሳልፍ እኔም ሳላስበው ቆም እላለሁ። የሚታይ ነገር ግን የለም፤ ሰው በደረጃ ይወርዳል፣ በደረጃ ይወጣል።

አሁን ወደ ኔቫዳው የማዕድን ሥራ ልግባ። አንተው የምታውቀውን መልሼ ልነግርህ ነውና ታገሠኝ፤ ለማርያም ማኅበር ሴቶች ሳስረዳ የለመድኩት አነጋገር ሆኖብኝ ነው። እትዬ ጸዳለን ታስታውሳቸዋለህ፣ የማኅበራችን ትልቅ ሰው፣ እኔን እንደ ታናሽ እህታቸው የሚቆጡኝ። ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው ሳሉ "ለመሆኑ ታደሰ ሊፍት ነበር እንዴ የሚሠራው?" ብለው ጠየቁኝ። "ሊፍት ነው እትዬ፣ ቤቱ ግን ወደ ታች የተሠራ ነው" አልኳቸው።

ከዚያ አስረዳኋቸው። ከመሬት በታች ወርቅ የሚቆፈርበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ። አፉ ላይ የብረት ማማ ቆሟል። ከማማው ወዲያ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ከበሮ አለ፤ ከበሮው ላይ የብረት ገመድ ይጠቀለላል፤ ገመዱ በማማው ጫፍ ዞሮ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ኬጅ የሚሉት የብረት ሳጥን ተንጠልጥሏል። ሠራተኞቹ ጠዋት በእሱ ይወርዳሉ፣ ማታ በእሱ ይወጣሉ። ከበሮውን የሚያዞረው ማሽን ሲያረጅ ነቅሎ አዲስ የሚተክል ሰው ታደሰ ነበር፣ አልኳቸው። እትዬ ጸዳለ አማተቡና "ገመዱ ቢበጠስስ?" አሉ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔም በተጋባን ሰሞን ጠይቄህ ነበር፤ ኬጁ ላይ ጥርስ የመሰሉ ብረቶች እንዳሉ፣ ገመዱ ድንገት የላላ እንደሆነ ጥርሶቹ ወጥተው በጉድጓዱ ግራና ቀኝ ቁልቁል የተተከለውን እንጨት ነክሰው እንደሚይዙ አስረዳኸኝ። ከዚህ ሁሉ ማብራሪያህ እኔ ይዤ የቀረሁት "የላላ እንደሆነ" ያልከውን ብቻ ነው።

የኔቫዳው ማሽን በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጥ ነበር። አንድ ሰው ተቀምጦ በእጁ ዘንግ እየገፋና እየሳበ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። አንተ ሙሉ በሙሉ ልትለውጠው ተነሣህ፤ አዲስ ሞተር፣ አዲስ ገመድ፣ ዘንጉን የሚተካ ኮምፒዩተር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሁለት ፍሬኖች። "አንዱ ቢከዳ ሌላው ብቻውን ይይዛል" እያልክ ራት ላይ በማንኪያ ታሳየኝ ነበር፤ አንድ ማንኪያ አልበቃ ሲልህ የኔንም ትወስድብኛለህ። ዕቃው ታዝዞ ግማሹ እንደደረሰ ልብህ ቀድሞህ ቆመ። ቢሮው ሥራውን ለሶሲ ሰጣት። ለማን ይስጠው፤ እንዳንተው መሐንዲስ ሆና ቢሮው ውስጥ ፊት ለፊትህ ተቀምጣ ሐሳቡን አብራህ ያወጣች ያወረደች እሷ ናት። ሰልስትህ እንደወጣ ዓይኗ እንዳበጠ ገመድ ልትቀበል ሄደች።

እስከዚህ ድረስ ምንም አልከፋኝም። የከፋኝ ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው፣ በዚያ ልማድህ ምክንያት። አዲስ ማሽን ሲተከል መጀመሪያ አሸዋ የሞላ ከረጢት ይጫናል፤ ኬጁ ከነአሸዋው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ፍሬኑ ይሞከራል። አሸዋው በሰላም ከተመለሰ በኋላ ደግሞ፣ ማንም ሠራተኛ ሳይገባበት፣ "ይህ ማሽን ሰው ይጭናል" ብሎ የፈረመው ሰው ብቻውን ይወርዳል። ማንም አላዘዘህም፤ አንተው ለራስህ ያወጣኸው ነው። "ለአሸዋ ያመንኩትን ለራሴ ካላመንኩ ለሰው ምን ብዬ እሰጣለሁ" ትል ነበር። አመሉ ደግሞ ጉድጓድ ላይ አያበቃም። ሶሲ ትንሽ ሳለች መናፈሻ ስንወስዳት ዥዋዥዌው ላይ መጀመሪያ የምትቀመጠው አንተ ነበርክ፣ ክራባትህን እንዳሰርክ፤ ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ይስቃሉ፣ እኔ በሃፍረት ወደ ሌላ አቅጣጫ አያለሁ። ኖርዝ ሆሊውድ ጓደኛህ ቤት ስንጠራም ሊፍቱ ውስጥ የተለጠፈውን የምርመራ ወረቀት ሳታነብ አትገባም፤ እኔ የሞቀ ድስት ታቅፌ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ። ልጅቱ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ሌላ ምን ትሁን።

እናም አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ እንደሚል ሰው፣ "ማሚ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቴስቱ ያልቃል፣ ከዚያ ራይድ አደርጋለሁ፣ ብቻዬን እወርዳለሁ" አለችኝ። "አታደርጊም" አልኳት።

ታዴ፣ ምን እንደፈራሁ ልንገርህ። የቀብርህ ቀን፣ እዚህ አገር ሳጥን በሰው እጅ እንደማይወርድ ረስቼው ነበር። ሳጥንህን ሁለት ማሰሪያ ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ አንዱ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ነካ፣ አንተም ቀስ እያልክ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ በማሽን ወረድክ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ማሰሪያውን ነበር የማየው። እንደ ሞኝ፣ ይመለሳል ብዬ። ማሰሪያው ተመለሰ፤ ባዶውን። ከዚያ ቀን ወዲህ ገመድና ሳጥን በተባለ ቁጥር ፊቴ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። እሷንም ጥቁር እንደለበሰች በገመድ ወደ መሬት ሆድ ሰድጄ ቆሜ ልጠብቅ አልቻልኩም። ነገሩ ይኸው ነበር፣ ሌላ የለውም።

ይህን ግን ለእሷ አልነገርኳትም። ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። በምትኩ የከሉን ነገር አነሣሁ። ዓመትህ ገና አልወጣም ነበርና ሁለታችንም ጥቁር ለባሾች ነበርን። የማዕድን ድርጅቱ ደግሞ ጥቁር የለበሰ ሰው አያወርድም፤ ታች ጨለማ ስለሆነ ሰው ከሩቅ እንዲታይ ደማቅ ቀለምና የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ያለበት ልብስ ግድ ነው። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እኔም "የአባትሽን ከል ዓመቱ ሳይወጣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ብታወልቂ እኔና አንቺ አንተዋወቅም" አልኳት። ሶሲ አማርኛዋ ይደናቀፋል እንጂ ከሉን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው ባየህ። ቢሮም፣ ስብሰባም፣ ጂምም ጥቁር ነው፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ፋሽን መስሏቸው "ጥቁር ያምርብሻል" ይሏት ነበር። እንደማታወልቀው አውቃለሁ። የአንተን ልማድና የእኛን ልማድ አጋጥሜ በመሀል ቆለፍኩባት፤ ጉዳዩም ያለቀ መሰለኝ። እትዬ ጸዳለም "ደግ አደረግሽ፣ ልጅቱን ያዣት" አሉኝ።

ሶሲ አልተጨቃጨቀችም። "ሶ ማን ይግባ፣ ማሚ? ሳይን ያደረግኩት እኔ ነኝ። የሌላ እናት ልጅ ይቅደም?" አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ገብቼ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

ጥቂት ቀን ቆይታ ሱቅ መጣች። በአንድ እጇ ወፍራም ጥቁር ጃኬቷን፣ በሌላው አንድ ጥቅል ጥብጣብ ይዛለች። የማዕድኑን የደኅንነት ኃላፊ ጠይቃው፣ ጥብጣቡ በደረት፣ በጀርባና በክንድ ዙሪያ ካለ ጥቁሩ ችግር የለውም ብሏታል። "ኦኬ ነው ብለዋል፣ ማሚ። አንቺ ቢዚ ከሆንሽ እኔ በማስቲሽ እለጥፈዋለሁ" አለችኝ። ማስቲሽ። የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ልብስ በማስቲሽ። የት እንደምትነካኝ ታውቃለች። ይህን ተንኮል ከአንተ አልወረሰችውም፤ አንተ የዋህ ነበርክ፣ ይህ የኔ ነው።

ጃኬቱን ከእጇ ነጥቄ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጥብጣቡ ከመርፌ ሥር ያንሸራትታል፤ መርፌ ቀየርኩ፣ ክርም ወፍራም አደረግኩ፣ ዳርና ዳሩን ሁለት ሁለት ጊዜ ሄድኩበት። እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ስጨርስ እንደ ልማዴ ስፌቱን በሁለት እጄ ይዤ ግራና ቀኝ ጎተትኩት፣ በጉልበት። ሳልጎትት ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም፤ የሙሽራ ቀሚስ ይሁን የሱሪ ጫፍ፣ እጄ እንዲያው ነው የሚሄደው። ቀና ስል ሶሲ ስልኳን ትታ እጄን እያየች ነበር። እኔም ገባኝ፤ እንደገባኝ ግን አልነገርኳትም።

ጃኬቱን ሰጠኋት እንጂ አልመረቅኳትም። ከእኛ ቤት ወደ ማዕድን የሚሄድ ሰው ሳይመረቅ ወጥቶ አያውቅም። አንተ ሻንጣህን ይዘህ በሩ ላይ ጎንበስ ትልልኝና "ቶሎ በይ እንጂ፣ ፕሌኑ ሊያመልጠኝ ነው" እያልክ ምርቃቱን ታስቆርጠኝ ነበር። ሶሲም ጎንበስ አለች። እኔ ግን አፌ እምቢ አለኝ። መመረቅ ማለት ሂጂ ማለት ነው። "እኔም እሄዳለሁ፣ እዚያው አያለሁ" አልኳት።

እሷ እየነዳች በጠዋት ወጣን። በረሃው አንተ እንዳልከው ነው፤ ምንም የለበትም ትልና ምንምነቱ ደግሞ አያልቅም። ለጉልበቴ ስል በየቦታው አቆመችልኝ። ስለ አንተ ብዙም አላወራንም። ቢሮ ጠረጴዛህ ላይ የቀረውን ስኒህን እስካሁን ማንም ለማጠብ እንዳልደፈረ ነገረችኝ። "ታጠቡት፣ ይሸታል" አልኳት፤ ሳቀች፣ ከዚያ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ሙዚቃ ከፈተች።

ማማውን ከሩቅ አየሁት። በሐሳቤ የሣልኩት ትልቅ ነበር፤ ሲቀርቡት ያን ያህልም አይደለም። ጉድጓዱንም አየሁት። አፉ የሱቄን ወለል ያህላል ቢባል ነው፣ አየሩ ከውስጡ እየቀዘቀዘ ይወጣል። ጠጋ ብዬ አላየሁም። ያ አሮጌው ከበሮ ውጭ ፀሐይ ላይ ተጥሏል። አጠገቡ ሳልፍ አሳዘነኝ፤ ያን ሁሉ ሰው አውርዶ ያወጣ ነው። ያን ቀን ከሰዓት አሸዋው ሲወርድና ሲወጣ ዋለ። ሶሲ በብረት ቆቧ ውስጥ አንተን መሰለች፤ በተለይ ስትቆጣ።

ሬይን አገኘሁት። አሮጌውን ዘንግ ዕድሜውን ሙሉ የገፋው ሰው ነው፤ ስሙን ስትጠራ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቆቡን አውልቆ እጄን ለረጅም ጊዜ ይዞ ቆየ። አሁን ሥራው ስክሪን ፊት ተቀምጦ ማየት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ያወርዳል፣ ኮምፒዩተሩ ያወጣል። ማሽኑ ጥሩ ነው አለኝ፣ ከእሱ የበለጠ ጠንቃቃ ነው አለኝ፤ ብቻ አውርድ ወይም አውጣ የሚለው ደወል በተደወለ ቁጥር ቀኝ እጁ ዘንጉ ወደነበረበት ባዶ ቦታ ይሄድበታል። እያወራን ሳለ ሄደበት፤ አየሁት። እኔም አልጋው ላይ በአንተ በኩል እጄ እንዲሁ ይሄድብኛልና ነገሩ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ፈረቃ ሠራተኞች ምሳቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ የግንባራቸውን መብራት አብርተው፣ ከማማው ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሶሲ ካልወረደች አይወርዱም። እሷ ጃኬቷን ለብሳ መጣችና እዚያው በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ አለችልኝ። ታዴ፣ አሁንም አልቻልኩም። እጄን አንሥቼ ኮሌታዋን አስተካከልኩላት። ትንሽ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ "ኦኬ፣ ማሚ" ብላ ቀና አለችና ሄደች። ብረቱ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ሬይ ወደ ማሽኑ ቤት ወሰደኝ። ደወሉ ተደወለ። ከበሮው መዞር ጀመረ፤ ገመዱ ከላዩ እየተፈታ በግድግዳው ቀዳዳ ይወጣል። እኔ ስክሪኑን አላውቀውም፤ የማውቀው ክር ሲተረተር ነው፣ እሱንም ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። ልጄ በዚያ ጫፍ ላይ አለች እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ከዚያ ከበሮው ቆመ።

መጨረሻ ላይ አልደረሰም፤ ከበሮው ላይ ገና ብዙ ገመድ አለ። ሬይ ምንም አልነካም፣ እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው። ማሽኑ ቤት ፀጥ አለ። ያን ፀጥታ አውቀዋለሁ፤ ሳጥንህ የወረደ ቀን የነበረው ነው። "ምን ሆነ?" አልኩ በአማርኛ። ቀጥሎ ሬይ የሚለኝን ለመስማት አልጠበቅኩም። ስንት ቀን እምቢ ያለኝ ምርቃት ራሱን ፈትቶ ወጣ። እጄን ወደ ገመዱ ዘርግቼ፣ ጮክ ብዬ፣ "ያወረደሽ ያውጣሽ፣ የአባትሽ አምላክ ይያዝሽ፣ እመብርሃን ከሥርሽ ትሁን፣ በሰላም መልሳ ለዓይኔ ታብቃሽ" አልኩ። ገመድ እየመረቅኩ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ሬይ ቋንቋው አይገባውም፤ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ "ኤሜን" አለ።

ከዚያ ነገረኝ። ያቆመችው እሷ ናት፣ ከውስጥ ሆና፣ ገና ስትገባ እንደተነጋገሩት። "ባልሽም ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያደርገው" አለኝ። "በሥራው ሁሉ፣ የትም ቢሆን፤ ጉድጓዱ መሀል ላይ ራሱ ያቆመውና ተንጠልጥሎ ይቆያል። ራሱ ነግሮኛል፤ እዚህም አሮጌውን ሊመረምር ሲመጣ እኔው ሳወርደው አንድ ቀን ሲቸኩል አላየሁም። አንቺ አታውቂም ነበር?"

አላውቅም ነበር። የማውቀው ስልክ ደውለህ "ወርጄ ወጣሁ፣ አሁን ምሳ ልበላ ነው" ስትለኝ ነው። እኔም "ምን በላህ" ብዬ ስለ ምግቡ እጠይቅሃለሁ። ስንት ጊዜ ደወልክልኝ፣ ከስንት በረሃ። አንድ ቀን እንኳ መሀል ላይ ቆሜ ነበር አላልከኝም።

ቆየን። በሰዓት አልለካሁትም፤ ሬይ ቡናውን ጨርሶ ኩባያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፣ ከበሮው ዞረ፣ እስከ ታች አወረዳት፣ መልሶም አወጣት። በሩ ሲከፈት ሶሲ ፊቷ አቧራ ለብሶ፣ ጥርሷ ብቻ እየታየ ወጣች። ማንም አላጨበጨበም፤ የቡድን መሪያቸው ትከሻዋን መታ አደረጋትና ሠራተኞቹ ምሳቸውን ይዘው እያወሩ፣ ስለ ኳስ መሰለኝ፣ ገቡ። እንደ ማንኛውም ቀን። አንተ ደስ የሚልህ ይህ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰው ሳይፈራ፣ ሳያስበው እንኳ፣ ሲገባበት።

ጣቶቿ ነጭ ነበሩ። ስይዛቸው ጠመኔ ነው፤ የኔ ጠመኔ፣ ጨርቅ ላይ የማሰምርበት። "ዳዲ ያስተማረኝ ነው" አለች። ኬጁ መሀል ላይ ሲቆም፣ አንተ መወዛወዙ እስኪያበቃ ትጠብቅና ከኬጁ ወለል ትይዩ በጉድጓዱ ጎን ያለው እንጨት ላይ መስመር ታሰምር ነበር። ከዚያ መብራትህን መስመሩ ላይ አድርገህ ትቀመጣለህ። መስመሩና ወለሉ ከተላለፉ፣ በክር ውፍረትም ቢሆን፣ ፍሬኑ እየሾለከ ነው። "ሴንሰሩ ሊሳሳት ይችላል፣ ማሚ፣ ጠመኔው ግን ሚስ አያደርግም" አለችኝ። ከሱቄ ጠመኔ የሚጠፋው ደንበኞች ልጆቻቸውን እያመጡ ነው ብዬ ስንቱን ሕፃን በልቤ ሳማው ኖሬያለሁ።

ስንመለስ በረሃው እስኪያልቅ ተቆጥቼህ ነበር። ለሬይ ታውቆ፣ ለልጅህ ተነግሮ፣ ለኔ የተደበቀው ለምንድን ነው እያልኩ። ሶሲ አየችኝና "እንዳትፈሪ ነው" አለች። እሱን እኔም አውቃለሁ። ግን እኔ ሳልፈራ የኖርኩት አንተ የኔንም ፍርሃት ጨምረህ ብቻህን ስለተሸከምክ ነው፤ ያ ነው ያንገበገበኝ። ሚስትህ ነበርኩ። ድርሻዬን ብትሰጠኝ ኖሮ አልሞትም ነበር።

ዓመትህን ባወጣን ማግስት እትዬ ጸዳለ መጥተው ከሉን አስወለቁን። ለሶሲ አረንጓዴ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ፤ አጠረብኝ ትላለች፣ አላጠረም። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ወደ ሌላ ማዕድን ትሄዳለች፣ የዚያኛውም ማሽን አርጅቷል። ትናንት ሱቅ መጥታ አንድ ቃል አስገባኋት፤ ከወጣች በኋላ እንዳትደውልልኝ፣ ከመውረዷ በፊት እንድትደውል፣ መሀል ላይ እንደምታቆምም በአፏ እንድትነግረኝ። "ኦኬ፣ ግን ትጨነቂያለሽ" አለች። "ልጨነቅ፣ ሥራዬ ነው" አልኳት።

አንተን ደግሞ እንዲህ እልሃለሁ። እስካሁን ሳስታውስህ የማይህ ምሳ ስትበላ፣ በአጥር ስታጮልቅ፣ በር ላይ ስትቸኩል ነበር፤ የማውቀው ታዴ እሱ ነው። አሁን አንድ ሌላ ታዴ አለኝ። ከላይም ከታችም ሰው በሌለበት፣ ጨለማ መሀል ተንጠልጥሎ፣ የማያውቃቸው ሰዎች በሰላም እንዲገቡ አንዲት መስመር ላይ አፍጥጦ የሚጠብቅ ሰው። አንተ እዚያ ስትሆን እኔ እዚህ ዚፕ እየቀየርኩ ነበር፤ ማንም አልነገረኝም። ከእንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ በአንድ መልሼ እሄድበታለሁ። አንተን ባሰብኩ ቁጥር እዚያ ድረስ እወርዳለሁ፤ ምንም አልናገርም፣ አላስቸኩልህም፤ ፍሬኑ መያዙን እስክታረጋግጥ አጠገብህ እቆማለሁ።

ባለቤትህ
ዘነበች